በትር፣ ኤሊና ሮቦት

ከአዲስ አበባ የሚወጡ ሦስት መንገዶችን እናስብ። አንዱ በጅማ አቅጣጫ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሄዶ ሰበታ ይደርሳል፤ ሁለተኛው በአምቦ አቅጣጫ ወደ ምዕራብ ተጉዞ ቡራዩን ያገኛል፤ ሦስተኛው የእንጦጦን ትከሻ ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይዘረጋል። ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሌሎች አቻዎቻቸው ጋር ሸገር ከተማ በሚል ስም በአንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። አንባቢ ሰበታን በቢራ ፋብሪካዋ፣ ቡራዩን በገፈርሳ ውኃ፣ ሱሉልታን በወተቷና በሯጮቿ ያውቃቸው ይሆናል። እኔ ዛሬ የማነሣቸው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ሳያዩ ዳስሶ መሄድንና በሚገባው ቦታ መታጠፍን ማስተማር በዚህች አገር ምን ዓይነት ታሪክ እንዳለው ለማውሳት።

ነገሩ በዛሬው አነጋገር ሮቦት ፕሮግራም ማድረግ ይባላል። ተማሪው ሁለት መንኮራኩር፣ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና አንድ ወይም ሁለት ዳሳሽ ይሰጠዋል፤ ከዚያም ማሽኑ ግድግዳ ሳይገጭ ክፍሉን እንዲዞር የሚያደርገውን ትእዛዝ በኮምፒዩተር ይጽፋል። የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ «ይህስ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው» ብሎ ፊቱን ከማዞሩ በፊት አንድ ነገር ልንገረው። ሮቦት የሚለው ቃል የተወለደው በቤተ ሙከራ ሳይሆን በቴአትር መድረክ ላይ ነው።

ቼካዊው ደራሲ ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ያሳተመውና በ1921 ፕራግ ላይ ለሕዝብ የታየው ተውኔት «አር. ዩ. አር.» ይባላል። (ዘመኑ የእኛው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎችን ኮሜዲያ ይዘው የአማርኛን ተውኔት ከጀመሩበት ዘመን ብዙም አይርቅም፤ እዚያ ማሽን መሰል ሰዎች፣ እዚህ ሰው መሰል አውሬዎች መድረክ ላይ ይናገሩ ነበር።) ቻፔክ በፋብሪካ ተመርተው ለሰው ልጅ የሚያገለግሉ ሰው ሠራሽ ፍጡራንን ሲያስብ መጀመሪያ ስም ያወጣላቸው «ላቦር» ከሚለው የላቲን ቃል ነበር። አልጣመውም። ሠዓሊ የነበረው ወንድሙ ዮሴፍ «እንግዲያው ሮቦት በላቸው» አለው ይባላል። በቼክ ቋንቋ ሮቦታ ማለት ጭሰኛ በጌታው መሬት ላይ ያለ ክፍያ የሚሠራው ግዴታ ነው፤ በሐብስበርጎች ግዛት ይህ ግዴታ እስከ 1848 ድረስ በሕግ የጸና ነበር።

ለዚህ ቃል የአማርኛ አቻ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሁዳድ ነው። በጌታው ሁዳድ ላይ ገባሩ በተመደበለት ቀን በሬውንና ጉልበቱን ይዞ ይወጣል፤ ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፤ ምርቱ የሌላ ነው። ዛሬ ቤትና ፋብሪካ የሞላባቸው የሦስቱ መንገዶች ግራና ቀኝ አብዛኛው እርሻ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ ሥርዓት በሸዋ ገጠር የሕይወት ደንብ ነበር፤ በሕግ ያበቃው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። እንግዲህ ሮቦትን ወደ አማርኛ እንመልስ ብንል «ባለ ሁዳድ» ሳይሆን «ሁዳድ አራሽ» እንለው ነበር ማለት ነው። ትእዛዝ ይቀበላል፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ጌታው የሰጠው ትእዛዝ ስሕተት ቢሆን እንኳ በትጋት ይፈጽመዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግሜ የምመለስበት ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው።

አሁን ወደ ሰበታ እንሂድ። በዚያች ከተማ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተቋቋመ፣ መርሐ ዕውራን ተብሎ የሚጠራ የዐይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። ስሙ ግዕዝ ነው፤ ለማያይ የሚመራ ማለት ነው። ሕፃናት ከየአገሩ መጥተው እዚያ እያደሩ ፊደል ቆጥረዋል፤ መምህራን፣ የሕግ ባለሙያዎችና ሙዚቀኞችም ወጥተውበታል። የሚቆጥሩት ፊደል የብሬል ነው፤ ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል በዐሥራ አምስት ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1824፣ ያቀናጀው ባለ ስድስት ነጥብ ጽሕፈት። በብሬል አማርኛ ሲጻፍ ፊደላችን ይፈታል፤ «ሉ» አንድ ምልክት መሆኗ ይቀርና ተነባቢዋ ለብቻ፣ አናባቢዋ ለብቻ ትቀመጣለች። በእጅ ሲጻፍ ደግሞ ነጥቡ ከወረቀቱ ጀርባ ስለሚወጋ ጸሐፊው ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፍና ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። ልጁ ገና ከመጀመሪያው ግራና ቀኝ ከሚያነበው ሰው አቋም ጋር የሚለዋወጡ መሆናቸውን በጣቱ ይማራል ማለት ነው። ይህን ዕውቀት ዐይናማው ልጅ ዘግይቶ፣ እንዲያውም አንዳንዴ የኤሌክትሮኒክስ መኪና ሲሰጠው ብቻ ያገኘዋል።

ከፊደሉ ጎን ደግሞ የአካሄድ ትምህርት አለ። ዐይነ ስውር በበትር መንገዱን መፈለጉ እንደ ዓለም ያረጀ ነገር ነው፤ እንደ ትምህርት በሥርዓት የተቀመጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1944 ግድም ነው። ሪቻርድ ሁቨር የተባለ አሜሪካዊ በፔንሲልቬንያ፣ በቫሊ ፎርጅ የጦር ሆስፒታል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዐይናቸውን ያጡ ወታደሮችን ሲያሠለጥን በትሩን ረዘም፣ ቀለል አድርጎ አዲስ አያያዝ አበጀለት። በትሩ ከትከሻ ስፋት ጥቂት በሚበልጥ ቅስት ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይመላለሳል። ቀኝ እግር ሲራመድ ጫፉ በግራ በኩል መሬት ይነካል፤ ግራ እግር ሲራመድ በቀኝ። በዚህ ዓይነት እግር ነገ የሚያርፍበትን ቦታ በትሩ ዛሬ ይጠይቅለታል። መሬት ካገኘ፣ ወደፊት። ባዶ ካገኘ፣ ቁም። ግንብ ካገኘ፣ ግንቡን ተከትለህ መታጠፊያውን ፈልግ። የሮቦት መምህር በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳው ላይ የሚጽፋቸው መስመሮች እነዚሁ ናቸው።

በነገራችን ላይ፣ «ሴንሰር» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አማርኛው «ዳሳሽ» መባሉ ደስ ከሚያሰኙኝ ትርጉሞች አንዱ ነው። በብዙ ቋንቋ ቃሉ ቀዝቃዛ የመሣሪያ ስም ነው። በእኛ ዘንድ ግን መዳሰስ የእጅ ሥራ ነው፤ በጨለማ ቤት ክብሪት የሚፈልግ ሰው ይዳስሳል፤ እናት የልጇን ግንባር ትዳስሳለች። መዳሰስ ውስጥ መጠራጠርም አለ።

ዳስሶ የሚታጠፍ ማሽን ለመሥራት በዓለም የመጀመሪያ ከሆኑት አንዱ ዊሊያም ግሬይ ዋልተር ነው። ይህ የአንጎል ተመራማሪ እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 እና በ1949 ኤልመርና ኤልሲ ያላቸውን ሁለት ኤሊ መሰል ማሽኖች ሠራ። አንጎላቸው ሁለት የሬዲዮ አምፖል ነበር። አንድ ብርሃን የሚለይ ዐይን፣ አንድ ሲገጩ የሚሰማ ድንጋይ ልብስ፤ ከዚህ ሌላ ምንም የላቸውም። ሆኖም ወንበርና ጠረጴዛውን እየዞሩ፣ መብራት እየተከተሉ ይሄዱ ነበር፤ ባትሪያቸው ሲደክምም መብራት ወዳለበት ማደሪያቸው ተመልሰው ይሞላሉ።

የዋልተር ኤሊዎች ለሳይንስ የተሠሩ ናቸው። ኤሊዋን ለልጆች የሰጠው ግን ሲሞር ፓፐርት ነው፤ አፍሪካ ውስጥ፣ ፕሪቶሪያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ተወልዶ በ2016 ያረፈ የሒሳብ ሊቅ። ጄኔቫ ከዣን ፒያዤ ጋር የሕፃናትን አስተሳሰብ ካጠና በኋላ አሜሪካ ተሻገረና በ1967 ከዋሊ ፎይርዛይግና ከሲንቲያ ሰለሞን ጋር «ሎጎ» የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ፈጠረ። ስሙ የተወሰደው «ቃል» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ይህን ልብ ይበሉልኝ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በቋንቋው የምትታዘዝ፣ ወለል ላይ የምትሄድ፣ ከሆዷ ሥር ብዕር ያላት ኤሊ መጣች። ትእዛዞቹ ጥቂት ናቸው። ይህን ያህል ወደፊት ሂጂ። ይህን ያህል ዲግሪ ወደ ቀኝ ታጠፊ። ብዕርሽን አንሺ። (ትናንሽ ነገሮችን በአንቺ መጥራት የአማርኛ ልማድ ስለሆነ እኔም ኤሊዋን እንዲሁ አደረግኋት። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ጭንቀት የለበትም፤ እኛ ግን ማሽኑን ከማዘዛችን በፊት ወንድ ይሁን ሴት፣ አንተ ይባል አንቱ መወሰን አለብን።)

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ልጁ አራት ማዕዘን እንዲሥል ይጠየቃል፤ መቶ ርምጃ ወደፊት፣ ዘጠና ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ ይህንኑ አራት ጊዜ። ተሳካ። ቀጥሎ ባለ ሦስት ማዕዘን። እዚህ ላይ ከትምህርት ቤት ያመጣው ዕውቀት ወጥመድ ይሆንበታል። የጎኖቹ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን እያንዳንዱ አንግል ስድሳ ዲግሪ መሆኑን በቃሉ ያውቃል፤ ስለዚህ «ስድሳ ታጠፊ» ብሎ ሦስት ጊዜ ያዛል። ኤሊዋም ታዛዥ ናት፤ የተባለችውን ታደርጋለች፤ የምትሥለው ግን የንብ ቀፎ ዐይን ግማሽ ይሆናል፤ አይዘጋም። ልጁ ኤሊዋን ይወቅሳል፤ ኮምፒዩተሩን ይወቅሳል። የፓፐርት መምህር በዚህ ጊዜ መልሱን አይነግረውም። «ተነሣ፤ አንተ ኤሊዋን ሁንና ተራመድ» ይለዋል። ልጁ ተነሥቶ የመጀመሪያውን ጎን ይሄዳል፣ ጫፉ ላይ ይቆማል፣ ሰውነቱን ያዞራል፤ ያን ጊዜ የሚዞረው የማዕዘኑን ውስጥ ሳይሆን ውጪውን መሆኑን ወገቡ ይነግረዋል። መቶ ሃያ ነው። ሦስት ጊዜ መቶ ሃያ ሦስት መቶ ስድሳ ይሆናል፤ አራት ጊዜ ዘጠናም ያው። ምንም ዓይነት ቅርጽ ዞረህ መነሻህ ላይ እንደ መጀመሪያው አቋምህ ከቆምክ የመታጠፍህ ድምር አንድ ሙሉ ዙር ነው። ይህን ልጁ አልተነገረውም፤ በሰውነቱ ደረሰበት።

አገራችን ውስጥ ይህን የሚመስል ጥበብ አለ ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ አቡጊዳን እጠቅስለታለሁ። የፊደል ተማሪ መጀመሪያ ሀሁን ይቆጥራል። ስንደዶውን ከፊደል ወደ ፊደል እያሻገረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሀ ሁ ሂ ሃ ይላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዜማውን ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ዐይኑን ጨፍኖ ቢል ያው ነው፤ ስንደዶውም አፉም በልማድ ይሄዳሉ፤ ፊደሉን ያየ የሚያስመስለው ልማዱ ብቻ ነው። የኔታ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ሀሁን ጨረስኩ ያለውን ልጅ አቡጊዳ ላይ ያቆሙታል፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። እዚህ ተራው ይሰበራል፤ ከግዕዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ እየዘለለ በየርምጃው ፊደሉም ይለወጣል። በዜማ የመጣ ልጅ አንደኛው ወይም ሁለተኛው ላይ ይወድቃል። ያየ ብቻ ያልፋል። የሮቦት መምህራን ዛሬ ሣጥኑን ከቦታው አንሥተው ሌላ ቦታ በማስቀመጥ የሚፈትኑትን ነገር የኔታ በፊደል ገበታ ፈትነውታል፤ መንገዱን በቃልህ ይዘኸዋል ወይስ እየዳሰስክ ነው የምትሄደው?

ልዩነቱ ምን እንደሆነ በማሽኑ ላይ ላስረዳ። ባለ ሁለት ሞተር ሮቦት የሚታጠፈው አንዱ መንኮራኩር ቆሞ ወይም ወደኋላ ዞሮ ሌላው ወደፊት ሲሄድ ነው። ጀማሪ ተማሪ መታጠፍን በጊዜ ይለካዋል። ሞክሮ፣ ሞክሮ፣ ለምሳሌ ግማሽ ሰከንድ ያህል ቢዞር ዘጠና ዲግሪ እንደሚታጠፍ ያገኛል፤ ይህንኑ ይጽፋል፤ በዚያ ጠዋት ሮቦቱ ክፍሉን ሲዞር ያምራል። ከሰዓት በኋላ ባትሪው ይደክማል። ሞተሩ ይዘገያል፤ ግማሽ ሰከንዱ ያው ነው፤ መታጠፉ ግን ሰማንያ ይሆናል፣ ሰባ አምስት ይሆናል። ወይም ከሲሚንቶ ወለል ወደ ለስላሳ ሴራሚክ ይወሰድና መንኮራኩሩ ይንሸራተታል። አምስተኛው መታጠፊያ ላይ ሮቦቱ ግድግዳ ይገጫል፤ ገጭቶም ዝም አይልም፤ ግድግዳውን እየገፋ ቀሪውን ትእዛዝ በታማኝነት ይፈጽማል። የሁዳድ ሥራ ማለት ይህ ነው። መድኃኒቱ የመንኮራኩሩን ዙር የሚቆጥር ወይም የመዞሩን መጠን የሚለካ ዳሳሽ ጨምሮ ትእዛዙን መለወጥ ነው፤ «ግማሽ ሰከንድ ታጠፍ» መባሉ ቀርቶ «ዘጠና እስክትደርስ ታጠፍ» ይባላል። በአማርኛ ልዩነቱ «እስክ» የምትል ቅጥያ ናት። በታሪክ ግን ብዙ ነገር ያረፈባት ይመስለኛል።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ፕላዝማን ያስታውሳል። ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቱ በሳተላይት ተሠራጭቶ በትልቅ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ይመጣ ነበር። ትምህርቶቹ የተቀረጹት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ መምህር በጠፋበት ገጠር ጥሩ መምህር ማድረስ። በክፍሉ ውስጥ የቆመው መምህር ግን መግቢያና መዝጊያ ጥቂት ደቂቃዎች ተሰጥተውት መካከሉን እንደ ተማሪው ቆሞ ይመለከታል። ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ የተወሰነ ሰከንድ ይጠብቃል፤ ተማሪው መልሱን ጽፎ ይሁን እስክሪብቶ እየፈለገ ይሁን ሳያውቅ «ጎበዝ» ብሎ ያልፋል። መብራት የሄደ ዕለት ደግሞ ትምህርቱ በሰማይ አልፎ ይሄዳል፤ ነገ ከቀጣዩ ምዕራፍ ይጀምራል። በጊዜ የሚታጠፍ ሮቦት ነበር። ባትሪው የደከመ ልጅ የትኛው ግድግዳ ላይ እንደቀረ የሚነግረው ዳሳሽ አልነበረውም።

ፓፐርት ብዙ የደከመበት ሐሳብ ወደ አገራችን የገባው ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ነው። «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አረንጓዴና ነጭ የሆኑ ትናንሽ ኮምፒዩተሮችን ለአዲስ አበባና ለገጠር አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በሺህ ቁጥር አከፋፍሎ ነበር። ቁልፎቻቸው ላይ የአማርኛ ፊደል ተቀርጾባቸው ነበር፤ ውስጣቸው ደግሞ የሎጎ የልጅ ልጅ የሆነች፣ በሥዕላዊ ጡብ የምትታዘዝ ኤሊ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2012 ይኸው ድርጅት ከዚህ የባሰ ደፋር ሙከራ አደረገ፤ መምህር በሌለበት፣ ሕፃናቱ ማንበብ በማይችሉበት ሁለት ቀበሌ፣ ወንጪና ወለንጪቲ፣ በፀሐይ የሚሞሉ ታብሌቶችን ሰጥቶ ተመለከተ። (ወንጪ ከምንነጋገርባቸው መንገዶች የሁለቱ መገናኛ ናት፤ በሰበታ በኩል በወሊሶ፣ በቡራዩ በኩል በአምቦ ይደረስባታል።) የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገረው ሕፃናቱ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙ፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ፤ በአምስት ወር የተዘጋባቸውን ካሜራ ሥርዓቱን ሰብረው ከፈቱት። ዓለም በዚህ ወሬ ተደነቀ። እኔን የሚያስደንቀኝ የሕፃናቱ ብልሃት ነው፤ የሚያሳስበኝ ደግሞ ወሬው «መምህር አያስፈልግም» ወደሚል ድምዳሜ መንደርደሩ። ፕላዝማው መምህሩን ጥግ አስያዘው፤ ታብሌቱ ደግሞ ጨርሶ ዘለለው። «ተነሣ፤ አንተ ኤሊዋን ሁን» የሚል ሰው በሁለቱም ውስጥ የለም።

በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው አይኮግ ላብስ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ሲታወቅ፣ ወጣቶችን ኮዲንግና ሮቦት በማስተማርም ስም አትርፏል። ባለሙያዎቹ የተሳተፉባት ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2010 ዓ.ም. ሰኔ አዲስ አበባ መጥታ ነበር፤ የአካሏ ክፍል የያዘው ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፍቶ ጋዜጠኞች ሳያገኟት መቅረታቸው ይታወሳል። ሰው ሁሉ የተነጋገረው ስለ ፊቷ ነው። ከሶፊያ ፊት ይልቅ ለአገሩ የሚጠቅመው ግን ግድግዳ ገጭቶ ወደኋላ የሚመለሰው ባለ ሁለት መንኮራኩር ይመስለኛል። ቡራዩ ላይ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የተሰጥኦ ማበልጸጊያ ኢንስቲትዩትም የመጣው በዚህ ሁሉ ማግሥት ነው፤ ልዩ ዝንባሌ ያላቸው ወጣቶች እየኖሩ እንዲሠሩ የተገነባ። ሕንጻው ሰፊ ነው። ልጆቹ በዚያ ሕንጻ ውስጥ በጊዜ መታጠፍን ይማሩ ይሆን ወይስ እየዳሰሱ መታጠፍን የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከመምህሮቹ እንጂ ከግንቡ አይደለም።

አንድ ጥሩ የመምህር ጥያቄ ምን እንደሚመስል ላሳይ። ከተለመዱት የሮቦት ዳሳሾች አንዱ በድምፅ የሚሠራ ነው። የሰው ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ፣ በሰከንድ አርባ ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ፣ ይለቃል፤ የገደል ማሚቶውን ይጠብቃል፤ የፈጀውን ጊዜ ከድምፅ ፍጥነት ጋር አባዝቶ ለሁለት ያካፍላል፤ ርቀቱን ያገኛል። የሌሊት ወፍ የምትበርረው በዚሁ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት የድምፅን ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር ይላሉ። ታዲያ ሱሉልታ ላይ የሚማር ልጅ ይህን ቁጥር እንዳለ ይቀበለው? ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ሯጮች የሚመርጡት አየሩ ስስ በመሆኑ ነው። ልጁ «አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፅ ይዘገያል» ቢል ብልህ ግምት ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። የአየሩ መሳሳት ፍጥነቱን አይለውጠውም ማለት ይቻላል፤ የሚለውጠው ብርዱ ነው። ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ ስድሳ ሳንቲሜትር ያህል ይቀንሳል። መጽሐፉ የጻፈው ለ20 ዲግሪ ነው፤ በሱሉልታ ጠዋት፣ በ10 ዲግሪ፣ ፍጥነቱ ወደ 337 ይወርዳል። ሮቦቱ አንድ ሜትር የሚርቀውን ግድግዳ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል አርቆ ያየዋል። ለመኪና ትንሽ ነው። ለልጁ ግን ብዙ ነው፤ ሌላ አገር የተጻፈ ቁጥር የራሱ ከተማ ብርድ እንደሌለበት አይቷልና።

የቋንቋው ነገር ይቀራል። የሦስቱ ከተሞች ልጆች በየትምህርት ቤታቸው በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ይማራሉ፤ ቀኙ ሚርጋ፣ ግራው ቢታ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ግሥን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ፤ «መቶ ርምጃ ወደፊት ሂድ» እንላለን እንጂ «ሂድ ወደፊት መቶ» አንልም። የኮምፒዩተር ቋንቋዎች ግን ትእዛዙን ያስቀድማሉ፤ በዚህስ ከአማርኛ ይልቅ ግሥ ለሚያስቀድመው ለግዕዝ ይቀርባሉ፤ ቅኔ ቤት ያለፈ ተማሪ ብዙም የሚገርመው አይመስለኝም። ግራ የሚለው ቃላችን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ፊት ለፊትህ የቆመ ሮቦት ግራው ያንተ ቀኝ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ መምህሩም «ምን ሆንክ?» ሲለው በንጹሕ አማርኛ «ግራ ገባኝ» ይላል።

የፓፐርት ወዳጅና ተከታይ ሚቸል ሬዝኒክ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው «ስክራች» የተባለው የልጆች ፕሮግራም አማርኛን ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ ይዟል። ከዚያ አልፎ ወደ ትልቁ ዓለም የሚገባ ልጅ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ «ፓይተን»ን ነው። የዚህ ቋንቋ ሦስተኛ ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣ ጀምሮ ተማሪው ራሱ ለሚፈጥራቸው ትእዛዞች በግዕዝ ፊደል ስም ማውጣት ይችላል፤ ማሽኑ ያለ ቅሬታ ይቀበለዋል። ስለዚህ አንድ የቡራዩ ወይም የሰበታ ልጅ መታጠፊያውን «ታጠፍ»፣ ግራውን «ቢታ»፣ በትሩን «ዳሳሽ» ብሎ ሊሰይም ይችላል። «ኢፍ» እና «ዋይል» ግን የቋንቋው ባለቤቶች ያስቀመጧቸው ስለሆኑ እንዳሉ በእንግሊዝኛ ይቆያሉ፤ እያንዳንዷ «ታጠፍ» ከፊቷ አንዲት «ኢፍ» ይዛ ትጻፋለች።